ካርዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ካሬው ውስጥ ግን ይጠፋብኛል

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 53፣ ሥራዬ ነርስነት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልጆቼ ኮሌጅ ገብተው ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዛ ስኩዌር ዳንስ ወሰደችኝ። ወደድኩት። ሜይንስትሪም፣ ፕላስ፣ ከዚያም አድቫንስድ ሁለቱንም ጨረስኩ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የሲ-1 ክፍል እማራለሁ። ተማሪዎቹ አምስት ነን። ሦስት የቆዩ ዳንሰኞች ሊያግዙን ይመጣሉ። በድምሩ ስምንት፤ አንድ ሰው ከቀረ ካሬው አይሞላም።

ኮሎቹን በሙሉ ካርድ ላይ ጽፌ ሥራ ቦታ በእረፍቴ አጠናለሁ። ካርዱን ቢጠይቁኝ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ባለፈው ማክሰኞ በአንድ ቲፕ፣ ማለትም በአንድ ዙር ዳንስ፣ ውስጥ ብቻ ካሬው በእኔ ምክንያት ሦስት ጊዜ ፈረሰ። አብሮኝ የሚደንሰው ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ ገፋኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አዳራሹ ውስጥ ያለሁት ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። እንግሊዝኛ የለመድኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ልጆቼ ‹እማዬ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? ተይው በቃ› ይሉኛል። ዕድሜዬ ነው? ቋንቋው ነው? ብተወውስ ሰባቱን ሰዎች በተንኩ ማለት ነው? እባክዎ ይምከሩኝ። ት. ነኝ፣ ከሜሪላንድ።»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ካርዱን ቢጠይቁኝ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ» ትያለሽ። ችግሩም መፍትሔውም እዚያው ያለ ይመስለኛል። ወደ ዕድሜውና ወደ ቋንቋው እመጣለሁ። ትከሻሽን ይዞ ስለገፋሽ ሰውዬም የምለው አለኝ። መጀመሪያ ግን ስኩዌር ዳንስ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ትንሽ ላስረዳ። አንቺ የምታውቂው ስለሆነ ታገሺኝ።

ስኩዌር ዳንስ የአሜሪካ ጭፈራ ነው። ስምንት ሰዎች አራት ጥንድ ሆነው በካሬ ይቆማሉ። በየጎኑ አንድ ጥንድ፣ ፊት ወደ መሃል። ማይክ የያዘ ሰው አለ፤ ኮለር ይባላል። እንቅስቃሴዎቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ኮል ይባላሉ። ኮለሩ ስሙን ይጠራል፣ ስምንቱ ይሠሩታል። ቀጥሎ ምን እንደሚጠራ ከኮለሩ በቀር ማንም አያውቅም። በእኛ ጭፈራ አውራጁ ሲያወጣ ተቀባዩ በድምፁ ይመልስለታል አይደል? እዚህ ተቀባዩ የሚመልሰው በእግሩ ነው። አዝማቹን ግን አስቀድሞ የነገረው የለም።

ኮለርላብ የሚባል የኮለሮች ማኅበር አለ። የመጀመሪያ ጉባኤውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ኮሎቹ በደረጃ ተከፋፍለው፣ ትርጉማቸው አንድ ሆኖ በየአገሩ የሚሠራበት ዝርዝር የዚህ ማኅበር ሥራ ነው። በዚህ የተነሳ ሜሪላንድ የተማረ ሰው ጃፓን ሄዶ አብሮ መደነስ ይችላል። ሜይንስትሪምና ፕላስ አንድ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ኮሎች አሏቸው። ከዚያ አድቫንስድ የሚባሉት ኤ-1 እና ኤ-2 ይመጣሉ። ከእነሱ በኋላ ቻሌንጅ የሚባለው ይጀምራል፦ ሲ-1፣ ሲ-2፣ ሲ-3ኤ፣ ሲ-3ቢ፣ ሲ-4። እህታችን አሁን ያለችው የቻሌንጅ በር ላይ ነው።

እሺ፣ ወደ አንቺ ልመለስ።

እስከ ፕላስ ድረስ አብዛኛው ሰው የሚማረው በሰውነቱ ነው። ኮለሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ከለመድነው ቦታ ነው። ሴቷ በሴት ቦታ፣ ወንዱ በወንድ ቦታ። መቶ ጊዜ ከደነስሽው በኋላ እግርሽ መንገዱን ያውቀዋል። ልክ ከሥራ ወደ ቤት ስትነጂ ሳታስቢው በርሽ ላይ እንደምትደርሺው። ሲ-1 ላይ ይሄ ያበቃል። ኮለሩ የፈለገውን ኮል ከፈለገው ቦታ ይጠራዋል። ዛሬ ጫፍ ላይ ሆነሽ የሠራሽውን ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሃል ላይ ሆነሽ፣ ፊትሽ ወደ ውጭ ዞሮ ትሠሪዋለሽ። እግርሽ ያንን መንገድ ሄዶበት አያውቅም። ካርዱ ደግሞ አይደርስልሽም። ካርዱ የሚነግርሽ የኮሉን ታሪክ ነው። ያንቺን ድርሻ አይነግርሽም።

አንድ ኮል ይዘን በደንብ እንየው። ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስን ታውቂዋለሽ። ካርድሽ ላይ «ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ግማሽ፣ ሩብ» ብለሽ ጽፈሽው ይሆናል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ልክ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። አሁን ሁለት ዌቭ አስቢ። አራት ሰው ጎን ለጎን፣ አንዱ ወደዚህ ሲያይ ቀጥሎ ያለው ወደዚያ እያየ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ከእነሱ ፊት ለፊት ሌላ አራት እንደዚያው። ጫፍ ያለው ሰው ጎረቤቱን የያዘው በቀኝ እጁ ነው። ኮሉ ተጠራ። የመጀመሪያውን ሩብ በቀኝ እጅ ስምንታችሁም ትዞራላችሁ። ቀጥሎ ግማሹ በግራ ነው። እዚህ ላይ የሚዞሩት መሃል የደረሱት ብቻ ናቸው። ጫፍ የደረሱት ቆመው ይጠብቃሉ። ሦስት ሩቡን እንደገና ሁሉም። ግማሹን እንደገና መሃል ያሉት ብቻ። የመጨረሻውን ሩብ ሁሉም።

እና አንቺ የትኛዋ ነሽ? የምትዞሪው ወይስ የምትጠብቂው? ካርዱ ይህን አይልም። አንቺ ግን ማወቅ የምትችዪው እግርሽን ሳታነሺ በፊት ነው። ኮሉ ሲጠራ ፊትሽ ወደ ካሬው ውስጥ ከነበረ፣ ከመጀመሪያው ሩብ በኋላ መሃል ትገቢያለሽ። ስለዚህ ግማሹን ትዞሪያለሽ። ፊትሽ ወደ ውጭ ከነበረ ጫፍ ትወጫለሽ። ስለዚህ ትቆሚያለሽ። ያ «ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል» የምትዪው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ግማሽ፣ ግማሽ» እያልሽ በልብሽ ትቆጥሪያለሽ፤ የሚይዝሽ እጅ ግን የለም። እጅ ፍለጋ ትሄጃለሽ። በዚያች ቅጽበት ቦታሽን ለቀሽ፣ ካሬው ተናጋ።

እኔም ያለፍኩበት ነው። አሜሪካ ስኖር ሲ-1 ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን ዓመት እንዳንቺው በካርድ ነው የለፋሁት። ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስምንት ቆርኪ ሰበሰብኩ። አራት የአምቦ ውሃ፣ አራት የለስላሳ። በየቆርኪው ጀርባ በማርከር ፊቱ ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት ሣልኩ። ከ1 እስከ 4 የጥንድ ቁጥርም ጻፍኩባቸው። ልጅ ሆነን ዳማ በቆርኪ የምንጫወተውን አስቢ፤ ልክ እንደዚያ። ከዚያ ኮሉን ቀስ እያልኩ፣ ክፍል በክፍል፣ ስምንቱንም አንቀሳቀስኩ። የራሴን ብቻ አይደለም፤ ስምንቱንም። አንድ ኮል ግማሽ ሰዓት በላ። በማግስቱ ግን ያ ኮል ከየትም ቢጠራ አልጠፋብኝም። ሁሉም ሰው የት እንደሚሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

አንቺም ይህን አድርጊ። ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስን ዛሬ ማታ በቆርኪ ሥሪው። ከሦስት ሩቡ በኋላ መሃል የሚገኙት እነማን እንደሆኑ አልነግርሽም። ራስሽ አግኚው። በገዛ እጅሽ ያገኘሽውን አትረሺውም።

ካርዶቹን አትጣያቸው። አጠናኑን ግን ቀይሪው። በሳምንት አራት ኮል ይበቃል። እያንዳንዱን ከአራት ቦታ ጠይቂው፦ ጫፍ ሆኜ፣ መሃል ሆኜ፣ ፊቴ ወደ ውስጥ፣ ፊቴ ወደ ውጭ። በየቦታው «መጀመሪያ የማነሳው የትኛውን እጅ ነው?» በዪ። ቀጥሎ «ስጨርስ ፊቴ ወዴት ነው?» በዪ። ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ኮሉን በትክክል ሠርተሽ ፊትሽን በተሳሳተ አቅጣጫ ከጨረስሽ የሚቀጥለው ኮል ከመነሻው የተሳሳተ ነው። እኔ እንዳየሁት ካሬ የሚፈርሰው በተጠራው ኮል ላይ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት በነበረው አጨራረስ ነው። ስልክሽ ላይ ታሚኔሽንስ የሚባለውን መተግበሪያ ክፈቺ። ኮሎቹን በትንንሽ ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል። ፍጥነቱን ቀንሺና አንዱን ዳንሰኛ ብቻ እየተከተልሽ እዪ። ከዚያ ደግመሽ ሌላውን ተከተዪ።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገርሽ። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ስንት ወር ደንሻለሁ። ካሬው ውስጥ አንቺን የሚመስል አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ። ቲፑ ሲጀመር ፊት ለፊትሽ ካለው ጥንድ ውስጥ ያንቺ ዓይነት ቦታ ላይ የቆመችው ሰው ናት፤ በሰያፍ ታገኛታለሽ። ኮለሩ አንዱን ወገን ለይቶ ካልጠራ በቀር እሷ የምትሠራውን አንቺም ትሠሪያለሽ፤ በካሬው ሌላኛው ጫፍ፣ ተገልብጦ። እሷ መሃል ስትገባ አንቺም መሃል ነሽ። እሷ ወደ ውጭ ስታይ አንቺም በአንቺ በኩል ወደ ውጭ ታያለሽ። ቲፑ ሳይጀመር እዪያት፤ ልብሷን ልብ በዪ። አረንጓዴ ሸሚዝ ከሆነ አረንጓዴ ሸሚዝ በዪ። ሲጠፋብሽ ዓይንሽ ያንን ሸሚዝ ይፈልግ። ካገኘሽው ቦታሽ የት እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ። ደግሞም ከአጋዦቻችሁ አንዱን በዚያ ሰያፍ ቦታ እንዲያቆምልሽ ኮለሩን ጠይቂው። እንደኔ ከሆነ ከስድስት ሳምንት ካርድ ይህ አንድ ነገር የበለጠ ይረዳሻል።

ታንደምና ፋንተም ገና ጀምራችሁ ከሆነ እነሱም ያው ናቸው። ታንደም ሁለት ሰው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሞ፣ እንደ አንድ ሰው ሲሠሩ ነው። ፊት ያለው ከዞረ ኋላ ያለውም ተከትሎት አብሮ ይዞራል። ፋንተም ደግሞ ሰው የሌለበትን ባዶ ቦታ ሰው እንዳለበት ቆጥሮ መደነስ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው፤ የቆምሽበትን ማወቅ። እሱ ከተስተካከለ እነሱ በጊዜያቸው ይመጣሉ። አሁን አያስጨንቁሽ።

ነርስ ነሽ አይደል? ድንገተኛ ታካሚ ሲገባ አስቢ። አንዷ የደም ሥር ትፈልጋለች፣ አንዱ ኦክስጅን ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። አንቺ የደም ሥር ስትፈልጊ ኦክስጅን የያዘውን አታዪም። እሱ ሥራውን እንደሚሠራ ታምኛለሽ። የራስሽን ድርሻ ትሠሪያለሽ። ያንን እኮ በካርድ አልተማርሽውም። አልጋው አጠገብ ቆመሽ፣ ደጋግመሽ፣ ከሁሉም በኩል ነው የተማርሽው። ሲ-1ም የሚፈልገው እሱኑ ነው። በሥራሽ ላይ አለልሽ።

ካሬው ሲፈርስስ? ይፈርሳል። በየሳምንቱ ይፈርሳል። የተማሪ ክፍል ነው፤ ካልፈረሰማ አዲስ ነገር አልተማራችሁም ማለት ነው። የእኛ ሰው ችግር አንድ ነው፤ ይቅርታ እናበዛለን። እኔ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» ስል ኮለሩ ሁለት ኮል ጠርቶ አልፎኛል። እንደ ልማዱ ፊት ለፊት በሁለት መስመር ቆማችሁ ኮለሩ እስኪያነሳችሁ ጠብቁ። ይቅርታውን በዓይንሽ በዪው፤ አፍሽንም ጆሮሽንም ለኮለሩ ተዪው። አንቺ ብቻ ከጠፋብሽ ደግሞ አትሩጪ። ባለሽበት ቁሚ፣ እጅሽን ዘርግተሽ። የቆመ ሰው ቦታውን ይይዛል፤ ሌሎቹም ዙሪያውን ይሠራሉ። ሮጦ የተሳሳተ ቦታ የገባ ሰው ግን ሌላም ሰው ይዞ ይጠፋል።

ስለ ሰውዬው። ይህን በቀጥታ ልበልሽ፤ ትከሻሽን ይዞ መግፋቱ ልክ አይደለም። ላግዝ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ቢሆንም ልክ አይደለም። አንደኛ፣ ያምማል፤ ያዋርዳልም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱንም ያበላሻል። የተገፋ ሰው ወዴት እንደሄደ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም እስኪገፋ ይጠብቃል። ጥሩ አጋዥ በእጁ ቦታውን ያሳያል ወይም እጁን ዘርግቶ ይጠብቅሻል። አይገፋም። ደግ ልብ ያላቸው የቆዩ ዳንሰኞች ተማሪ ክፍል ሲመጡ ኤንጅል የሚሏቸው፣ መልአክ ማለታቸው፣ ለዚህ ነው። እኔን ያገዘችኝ አንዲት እናት ነበረች፤ ሰባዎቹን ያለፈች። ሲጠፋብኝ አንዲት ቃል አትናገርም። ቀኝ እጇን ብቻ ወደ እኔ ከፍ ታደርገዋለች። እጇን ሳይ የት እንደምሄድ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያ እጅ ዓይኔ ላይ አለ።

ስለዚህ ንገሪው። ካሬው መሃል አይደለም፤ በንዴትም አይደለም። ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺና ለብቻው ያዢው። «አብረን መደነሳችን ደስ ይለኛል። ስሳሳት ግን አትግፋኝ፤ ግራ ይገባኛል። እጅህን አሳየኝ፣ እኔ እመጣለሁ» በዪው። ይህ ይበቃል። ማብራሪያ አትጨምሪበት፤ ይቅርታም አትጠይቂበት። እኛ ሴቶች፣ በተለይ አክብሮት ተምረን ያደግነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ውጠን መኪና ውስጥ እናለቅሳለን። አትዋጪው። ከተነገረው በኋላ ከደገመው ለኮለሩ ንገሪና ሌላ ሰው ያጣምርሽ። ክፍሉን የሚመራው ኮለሩ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተዋል።

አሁን ዕድሜ። 53 ዓመት ምንድን ነው? እኔ በገባሁባቸው የቻሌንጅ አዳራሾች አብዛኛው ሰው ጡረታ የወጣ ነው። በሰማንያ ዓመቱ ሲ-3 የሚደንስ ሰው አይቻለሁ። አንቺ እዚያ ልጅ ነሽ። ዕድሜ የሚለውጠው ነገር ቢኖር የምትፈልጊውን የድግግሞሽ ብዛት ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ሦስት ጊዜ ሠርቶ የሚይዘውን እኛ ስምንት ጊዜ እንሠራዋለን። ከያዝነው በኋላ ግን ይቆያል። ደግሞም ከሌሊት ተረኝነት ወጥተሽ ክፍል የምትሄጂ ከሆነ፣ ያ ባዶነት እንቅልፍ ማጣትም ሊሆን ይችላል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማክሰኞን ከተቻለ ከተረኝነት ነጻ አድርጊው።

ቋንቋውም አይደለም። ጃፓን፣ ጀርመን፣ ስዊድን ያሉ ዳንሰኞች በሙሉ የሚደንሱት በእንግሊዝኛ ኮል ነው። በዓለም ዙሪያ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ነው። ከመሃላቸው ዳቦ ለመግዛት የሚበቃ እንግሊዝኛ የሌላቸው አሉ፤ ሆኖም ይደንሳሉ። ስሞቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱትም ስም ብቻ ናቸው። ታሊ ሆ የቀበሮ አዳኞች ጩኸት ነበር። ፐርኮሌት ቡና በማፍያ ውስጥ እየተንተከተከ ሲወርድ የሚሆነው ነው። ጄይዎክ መንገድ ያለ ቦታው ማቋረጥ ነው። ማናቸውም እግርሽን የት እንደምታኖሪ አይነግሩሽም። አጠገብሽ ያለው ሜሪላንድ የተወለደ ሰውም እንዳንቺው ከዜሮ ነው የጀመረው። እንዲያውም በአማርኛ የራስሽን ስም ስጫቸው። እኔ ፐርኮሌትን «ጀበና» እለው ነበር። ኮለሩ ፐርኮሌት ሲል እኔ የምሰማው ጀበና ነው፤ ጀበና ስሰማ እግሬ ያውቃል።

«ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ» ያልሽው ልቤን ነካው። ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። አዳራሹ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው፤ ግን በሰው ቤት የገባሽ እንግዳ ትመስያለሽ። አንድ ነገር ላጫውትሽ። በዳንስ መሃል እርምጃውን በድምፅ እየጠሩ ማስደነስ አሜሪካ ውስጥ ያደገ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊድል እየመቱ እርምጃውን ይጠሩ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ጥቁር ሙዚቀኞች ነበሩ። ገሚሶቹ በባርነት ያሉ፣ ገሚሶቹ ነጻ የወጡ። የታሪክ ሰዎች ይህን ከየዘመኑ ጽሑፍ አሰባስበው አሳይተዋል። ለብዙ ጊዜ ሳይነገር ቀረ እንጂ፣ ያ ኮለር ማይኩ ላይ የሚያደርገው ነገር የጥቁር ሰው ድምፅም አለበት። ማክሰኞ ስትገቢ ይህን ይዘሽ ግቢ። ቤቱን ከሠሩት ውስጥ አንቺን የሚመስሉ ነበሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ቀጥዪ። ግን ያለ ገደብ አይደለም። ክፍሉ የሚያልቅበትን ቀን ያዢና እስከዚያ ድረስ ብቻ ወስኚ። በየማክሰኞው ማታ መኪና ውስጥ ሆነሽ አትወስኚ። በዚያ ሰዓት የሚወሰን ውሳኔ የድካም ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ኮሎቹን ገና ካልያዝሻቸው ደግመሽ ተመዝገቢ። ሲ-1ን ሁለቴ የሚማር ሰው ብዙ ነው፤ ማንም ጉድ አይልም። እንደኔ ሁለተኛው ዙር ነው የሚጥመው። የመጀመሪያው ዙር ሁሉ ነገር ጩኸት ነው። በሁለተኛው ሙዚቃውን ትሰሚያለሽ።

እስከዚያው በወር አንድ ጊዜ የፕላስ ወይም የኤ-2 ዳንስ ሂጂ። ይህን አደራ እልሻለሁ። ሁልጊዜ የሚያቅትሽን ብቻ የምትደንሺ ከሆነ ዳንስ የምትችዪ ሰው መሆንሽን ትረሻለሽ። ዘጠኝ ዓመት የደነስሽ ሴት ነሽ እኮ! አንድ ምሽት ሳታስቢ፣ እየሳቅሽ ደንሺ። በሌላ በኩል ክፍሉ ሲያልቅ «ነይ እንጂ፣ ሲ-2 እንጀምር» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ የሚጎድላቸው አንድ ሰው ነውና። እሺ አትበዪ። ሲ-1 ከማንኛውም ቦታ ሲጠራ ደስ እያለሽ የምትሠሪው እስኪሆን ድረስ እዚያው ቆዪ።

ሰባቱን ሰዎች በተመለከተ፣ ሸክሙን ከላይሽ አውርጂው። ስምንት ሰው ብቻ ይዞ መጀመር የኮለሩ ምርጫ ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ሰው ቢኖር ለሁላችሁም ይቀላል፤ አንድ ሰው ሲታመም ክፍሉ አይዘጋም። ይህን ለኮለሩ ንገሪው። አንድ ሁለት አጋዥ እንዲጨምር ጠይቂው። ስምንተኛ ሆነሽ የምትሄጂው ሌላ ሰው ስለሌለ ከሆነ፣ ዳንሱ እንደ ተረኝነት ይሆንብሻል። ተረኝነት ደግሞ በሥራ ይበቃሻል። መተው ከመጣም መተው ነውር አይደለም። በስልክ መልእክት ሳይሆን ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ በአካል ነግረሽ፣ ተተኪ እስኪገኝ ቆይተሽ ትወጫለሽ። በዚህ የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም።

ልጆችሽ «ተይው» የሚሉሽ ስላዘኑልሽ ነው። ስታለቅሺ እንጂ ስትደንሺ አላዩሽም። አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ። ለክፍሉ አይደለም፤ ለፕላሱ ዳንስ። ወንበር ይዘው ቁጭ ብለው ይዩሽ።

ለመጪው ማክሰኞ ሦስት ነገር ብቻ። ሰውዬውን ቀድመሽ አናግሪው። አረንጓዴ ሸሚዟን ፈልጊ። ሁልጊዜ የምትቆሚው ሄድ ላይ፣ ማለትም ለኮለሩ ፊቱን ወይም ጀርባውን በሰጠው ጥንድ ቦታ፣ ከሆነ ደግሞ፣ ሁለተኛው ቲፕ ላይ ሳይድ፣ ማለትም በጎን ያለው ጥንድ፣ ልሁን ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ይደናገርሻል፤ ይደናገርሽ። ከየትኛው ቦታ የትኛው ኮል እንደጠፋብሽ እዚያው ማስታወሻ ያዢና ጻፊልኝ። ቆርኪዎቼን አሁንም አስቀምጫቸዋለሁ። አብረን እንሠራዋለን።